«ምች» እና የሄርፒስ የደም ምርመራ፦ ወረቀቱ የማይነግረን ነገር



እንደ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎና ሞያሌ ፀሐይ በሚበረታባቸው ከተሞች ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ «ምች መታኝ» ይባላል፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል። አያቶቻችን ፀሐይን የጠረጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቁስሉን የሚያመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ ዓይነት 1 የተባለው ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት በምራቅና በመሳሳም ይገባል፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች 64 በመቶው ይህ ቫይረስ አለባቸው።

ታዲያ ይህ ከደም ምርመራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ሽኔቫይስ፣ በአሜሪካ ናህሚያስና ዳውድል ቫይረሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን አሳዩ። ዓይነት 2 በዋነኛነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ሁለቱ ግን በጣም ስለሚመሳሰሉ የድሮው የደም ምርመራ ያምታታቸው ነበር፤ የልጅነት ምች ብቻ ያለበት ሰው «የአባላዘር በሽታ አለብህ» ሊባል ይችል ነበር። ሁለቱን የሚለየው «ጂ» የተባለው ፕሮቲን ከታወቀ በኋላ ምርመራው ተሻሻለ። በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ የዓይነት 2 ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል።

ስህተቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በኡጋንዳ ራካይ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ዝቅ ያለ «ፖዘቲቭ» ውጤት ብዙ ጊዜ ሐሰት ሆኖ እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ስለዚህ ወረቀቱን ሲያዩ፦

✔ የትኛው ዓይነት ነው? 1 ወይስ 2?
✔ ቁጥሩ ስንት ነው? በተለመደው ምርመራ የዓይነት 2 ውጤት ከ1.1 እስከ 3.0 ከሆነ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት።
✔ «አይጂኤም» ከሆነ አዲስ መያዝን አያረጋግጥም።
✔ ተጋላጭነቱ የቅርብ ከሆነ «ነጌቲቭ» ውጤት ዋስትና አይሆንም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል።

ከነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የተመረመረ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሲመለስ ትዳር ሊናጋ ይችላል። ወረቀቱ ግን ማን እንዳስያዘ፣ መቼ እንደተያዘ አይናገርም። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላልና ከመካሰስ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ወላጆች ሆይ፦ ነፍሰ ጡር ብልቷ አካባቢ ቁስል ካያት ከወሊድ በፊት ለሐኪሟ ትንገር። ምች የወጣበት ሰው አራስ አይሳም። አራስ ልጅ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ጡት እንቢ ካለም የደም ውጤት ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሚጠቅመው ሰው ያጋሩ።