የርዕደ መሬት ጠንቅ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት፣ በመጠን መለኪያ 5 ገደማ ሆኖ፣ እስከ ጅማና አዲስ አበባ ተሰምቷል። ለሆሳዕና ጎረቤት የሆነችው የዳምቦያ ከተማም እንዲህ በሚንቀጠቀጥ መሬት ላይ ስለተቀመጠች፣ «ጠንቅ» የሚለውን ቃል በእሷ ምሳሌ ብናየው ያምራል።

ባለሙያዎች «ሳይስሚክ ሃዛርድ» የሚሉትን አንዳንዱ «አደጋ»፣ ሌላው «ስጋት» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱም ቃላት ግን ሥራ ይዘዋል። አደጋ የምንለው የደረሰውን ነው። ስጋትም የራሱ መሥሪያ ቤት አለው፤ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሲባል የታሰበው ሊጠፋ የሚችለው ሕይወትና ንብረት ነው። እኔ «ጠንቅ»ን እመርጣለሁ። «ለጤና ጠንቅ ነው» የተባለ ነገር ገና ማንንም ሳይጎዳ ሊቆይ ይችላል፤ የመጉዳት ዐቅሙ ግን አብሮት አለ። የርዕደ መሬት ጠንቅም አንድ ቦታ በተወሰነ ዘመን ውስጥ ምን ያህል ብርቱ ንቅናቄ ሊያገኘው እንደሚችል የሚገምት ስሌት ነው። ቤትና ሰው አይቆጥርም።

ዳምቦያ ውስጥ የእንጨትና ጭቃ ቤት ከብሎኬት ፎቅ ጎን ቢቆም የሁለቱ ጠንቅ አንድ ነው። ስጋታቸው ይለያያል፦ እንጨቱ ተወዛውዞ ሊመለስ ይችላል፤ ብረት የተቆጠበበት ፎቅ ግን ይሰነጠቃል።

ጠንቁን ለመገመት መጀመሪያ ምንጩ ይታወቃል። በጃፓንና በሱማትራ ዳርቻ የውቅያኖሱ ወለል ከየብሱ ሥር ይሰምጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2011 የደረሱት 9 ገደማ የሆኑ ነውጦች የመጡት ከዚያ ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይከፈታል እንጂ አይሰምጥም፤ ያን ያህል ግዙፍ ነውጥ አይጠበቅበትም። ቢሆንም በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያወደመው፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ በኩል አዲስ አበባን ያነቃነቀው ሁሉ በ6 ዙሪያ ያለ ነው።

ችግሩ የነውጡ ድግግሞሽ ነው። እንዲህ ያለው ነውጥ አንድን ቦታ በሰው ዕድሜ አንዴ እንኳ ላያገኘው ይችላል፤ «አያቴም አላየ» የሚለው ምስክርነት እዚህ ብዙም አይረዳም። ፒየር ጉዊን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቁመው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የነውጥ ታሪክ ከድሮ መዛግብት ጭምር ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙትም የመሣሪያ መዝገብ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የጠንቅ ካርታ የተሰላው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ ለሚደርስ ንቅናቄ ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 50 ዓመት በሚኖር ቤት ላይ እንዲህ ያለው ንቅናቄ የመድረስ ዕድሉ 39 በመቶ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ደንብ ስሌቱን ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ዕድሉም ወደ 10 በመቶ ወረደ። ስለዚህ ካርታ ላይ ቀለሙ ቢጠቁር መሬቱ ከድሮው ይልቅ ተቆጥቷል ማለት አይደለም፤ የምንጠነቀቅለት ነውጥ ነው የበረታው።

ካርታው ግን አገር እንጂ ግቢ አያይም። ከኮረብታው ወርዶ የተከማቸ ልል አፈር ንቅናቄውን ከዐለቱ ይልቅ ያጎላል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ላይኛውና ታችኛው ሰፈር ጠንቃቸው ሊለያይ ይችላል። ያንን የሚያሳየው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የሚደረግ የአፈር ምርመራ ነው።