መዋሥዕትና ክፉ ቀን፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ከጭንቅ ጋራ የኖረበት ሥርዓት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የሚያየው አገር ሁለት ጠባይ አለው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ደጋ ገብስና በግ የሚረባበት ብርዳም ምድር ነው። ከጋይንት ወደ በሽሎ፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ግን ገደል የበዛበት፣ አፈሩን ጎርፍ የሚያጥበው፣ ዝናብ ሲዘገይ አዝመራው ቶሎ የሚከስም ነው። በዚህ አገር የሚኖር ገበሬ ሥጋቱ ከዝናቡና ከበሬው ጉልበት ጋራ የተያያዘ ነበረ፤ ካህኑም፣ ደብተራውም፣ የቆሎ ተማሪውም የሚበሉት ከዚያው ገበሬ እጅ ስለ ሆነ ሥጋቱ የሁሉም ነበረ።

ዛሬ ሐኪሞች «ጭንቀት» የሚሉትን የነፍስ ሁኔታ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ «ጭንቅ» ይለዋል። ቃሉ ምጥንም ይጨምራል፤ ሴት ምጥ ሲይዛት «ጭንቅ ላይ ናት» ይባላል፤ በዙሪያዋ የተሰበሰቡት ሴቶችም የማርያምን ስም ደጋግመው ይጠራሉ። እንግዲህ በሕዝቡ አነጋገር ጭንቅ ሰው በልቡ ሸሽጎ ብቻውን የሚሸከመው ስሜት አይደለም፤ ጊዜ ያለው፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ነገር ነው። ይህን ያላስተዋለ ተመራማሪ የተደገመውን ዳዊት ይቆጥርና ዳዊቱ የተደገመበትን ሥርዓት ሳያይ ይቀራል።

በጋይንት ሁለት ስመ ጥሩ የዜማ ጉባኤዎች አሉ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስትሆን፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው በዚያው በዙር አምባ ነው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ ይከፈላል። መዋሥዕት ግን ለሙታን የሚባል ዜማ ነው። ስሙ «አውሥአ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፤ ፍችውም «መለሰ» ማለት ነው፤ መዘምራኑ እየተቀባበሉ ያዜሙታልና። አንድ ገጠር ለብዙ አህጉር ካህናት የኀዘን ዜማ መማሪያ ሆኖ መኖሩ ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወሰድበት መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እያረፈ ጸሎት ይደረግለታል። ከተቀበረም በኋላ በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ይታሰባል። ሟቹ ምን ይጠቀማል የሚለው የሃይማኖት መምህራን ጥያቄ ነው። ለቀሪዎቹ ግን ሥርዓቱ ኀዘንን በቀን ይከፋፍለዋል። ባሏ የሞተባት ሴት በሦስተኛው ቀን ማን ወደ ቤቷ እንደሚመጣ፣ በአርባኛው ቀን ምን እንደሚደረግ አስቀድማ ታውቃለች። የማይታወቀው ነገር በሚታወቅ ቀጠሮ መካከል ይቀመጣል። የአገሩ ሃይማኖት ጭንቅን የሚያቀልልበት ዋናው መንገድ ይህ ይመስላል፤ ፍርሀትን ማጥፋት ሳይሆን፣ የሚፈራውን ሰው ብቻውን አለመተው።

ይህ ሥርዓት የተፈተነው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውሃ በመሐዲስቶች ድል ሆኑ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚሁ ጊዜ የኢጣልያ ጦር በምፅዋ ወደብ ካስገባቸው ከብቶች የተነሣው የከብት በሽታ ወደ መሀል አገር ዘልቆ በሬውን ፈጀው። ሕዝቡ ይህን በሽታ «ደስታ» ብሎ መጥራቱ ያስገርማል፤ እንዲህ ያለ ስም ከግብሩ ጋራ የማይስማማ ነገር ጥቂት ነው። (በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም እንደ ጠፋ ታውጇል።) በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታተሉበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን ይህን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ይለዋል። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ቢደጋገምም፣ ከቈጠራ የተገኘ ስላልሆነ የመከራውን መጠን የሚያስረዳ አነጋገር አድርጎ መውሰዱ ይሻላል።

የክፉ ቀን ፍርሀት ሞትን መፍራት ብቻ አልነበረም። ቀባሪ አጥቶ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ በመንገድ ዳር ወድቆ የጅብ ሲሳይ መሆን ከሞት የበለጠ ያስፈራ ነበረ። እዚህ ላይ የሥርዓቱ ድካም ይገለጣል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማር ነው፤ ጉባኤው ርስትም ጎተራም አይመግበውም፤ የሚመግበው የመንደሩ ሌማት ነው። መንደሩ ሲራብ ጉባኤው ይበተናል፤ ጉባኤው ሲበተን መዋሥዕት የሚያዜም ይጠፋል፤ ይህም የሚሆነው ሟች በበዛበት በዚያው ወቅት ነው። አጽናኙና የሚጽናናው ከአንድ ሌማት የሚበሉ ስለ ነበሩ በአንድነት ተራቡ። ብዙ ጊዜ ስለ ሃይማኖት ጽናት የሚጻፈው ይህን የእንጀራ ጉዳይ ስለሚዘነጋ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጭንቅ የመብል ነበረ። ምእመናን በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን የሚጾሙ እንደ መሆናቸው ለጦም ማደር እንግዳ አልነበሩም። ነገር ግን ጾም ፍሲካ አለው፤ ረኀብ የለውም። በክፉ ቀን የፈረስና የአህያ ሥጋ፣ ከዚህም የከፋ እንደ ተበላ የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። ከወትሮው ሥርዓት የወጣ ሰው ከሆዱ ይልቅ ኅሊናው ይቆረቍረው ነበረ፤ ለዚህም መድኀኒቱ የነፍስ አባት ነበረ። የነፍስ አባት ቀኖና ሲሰጥ የሰውየውን ጥፋት ወሰን ያበጅለታል፤ ቀኖናው ሲፈጸም ነገሩ ያልቃል። ስለት መሳልም፣ በየወሩ በቅዱሳን ስም ጽዋ መጠጣትም፣ ታቦት ወጥቶ እግዚኦታ 41 ጊዜ እየተደጋገመ ምሕላ መያዙም እንደዚሁ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው ሥራዎች ናቸው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ነበረ። በቀን ከመቅደሱ ጎን ቆሞ የሚያዜመው ደብተራ በማታ ለባርያና ለዐይነ ጥላ ክታብ ሊጽፍ ይችል ነበረ። ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ቆርጦ፣ ጸሎትና ጠልሰም ስሎበት፣ ጠቅልሎ በአንገቱ ያስርለታል። መምህራኑ ይህን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱን መንገዶች እንደ ጠላት አላያቸውም። ልዩነታቸው ሌላ ነው፤ ምሕላውና ጽዋው ሰውን ከሰው ጋራ ሲያገናኙ፣ ክታቡ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምናልባትም ብቻውን ለቀረ ሰው የቀረለት እርሱ ነበረ።

ተዝካር ራሱ የጭንቅ ምክንያት መሆኑም መታለፍ የለበትም። እህሉን፣ ጠላውንና ፍሪዳውን ለማቅረብ የተበደረ ቤተ ሰብ ዕዳውን ሲከፍል ይኖራል፤ ያላወጣም በጎረቤት ፊት ያፍራል። የሚያስታውሰው ልጅ የሌለው ሰው ደግሞ በሕይወቱ ሳለ የቁም ተዝካር ያወጣል። ካህናቱን ጠርቶ፣ ድሆችን አብልቶ፣ የራሱን መታሰቢያ በዐይኑ አይቶ ይሸኛቸዋል፤ በማግሥቱም ወደ እርሻው ይወጣል።