ከሎሌው በታች

ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ስለ መሠረተው የመምህራን ማኅበር አጀማመር በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ጠፍቷል። ከእሱ አንድ ቁራጭ ካህኑ ዣን ባፕቲስት ብሌን እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሰፍሮ ተርፏል። በዚያ ቁራጭ ደ ላ ሳል በመጀመሪያው ጊዜ የትምህርት ቤት መምህራንን ከገዛ ሎሌው አሳንሶ ያያቸው እንደነበር፣ አንድ ቀን አብሯቸው መኖር እንደሚኖርበት ቢያውቅ ኖሮ ሐሳቡን እንኳ መሸከም እንደማይችል ይናዘዛል። ብሌን ገድል ጸሐፊ ነው፤ እንዲህ ያለው ኑዛዜ የባለታሪኩን ትሕትና ለማጉላት ሳይጠቅመው አልቀረም። ቢሆንም ከጊዜው የማዕረግ ሥርዓት ጋር ስለሚገጥም አምነዋለሁ።

ደ ላ ሳል በሬንስ ከተማ በ1651 ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ በካቴድራሉ የካህናት ጉባኤ መቀመጫና ገቢ አገኘ። የፈረንሳይ መምህር ግን በዚያ ዘመን ሌላ እንጀራ ያጣ ሰው ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1679 አድሪየን ኒዬል የተባለ ሰው ለድሃ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍት ከሩዋን ወደ ሬንስ መጣ። የሃያ ሰባት ዓመቱ ካህን ደ ላ ሳል ያገኘው በአንድ የሴቶች ገዳም በር ላይ ነበር። ሊረዳው የተነሣው ለጥቂት ጊዜ ነው ብሎ ነው። ኒዬል ግን አንዱን ትምህርት ቤት ሳያደላድል ሌላውን የሚከፍት ሰው ሆነ፤ መምህራኑም ጠባቂ አጡ። ደ ላ ሳል መጀመሪያ ከማዕዱ አቀረባቸው፤ በሰኔ 1681 ደግሞ ቤቱ አስገባቸው። ዘመዶቹ ተቆጡ። በዓመቱ እሱ ራሱ የአባቱን ቤት ለቆ ከመምህራኑ ጋር በኪራይ ቤት መኖር ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ነው መምህራኑ የተናገሩት። ስለ ነገ አትጨነቁ፣ እግዚአብሔር አይተዋችሁም እያለ ሲመክራቸው፣ ለአንተማ ቀላል ነው አሉት፤ ርስት አለህ፣ የካቴድራል ገቢ አለህ፤ ይህ ሥራ ቢፈርስ የምንወድቀው እኛ ነን። መልስ አልነበረውም። በነሐሴ 1683 ከካቴድራል መቀመጫው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ረኃብ ስለገባ ሀብቱን ለድሆች እንጀራ አዋለው። በእኔ ግምት የማስተማር ፍቅር ከዚህ ሰው ልብ ፈልቆ ወደ መምህራኑ አልወረደም፤ እነሱ በጥያቄያቸው አስገደዱት።

የትምህርት ቤቶቹ የአሠራር መመሪያ ከ1706 የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ የታተመው በ1720፣ እሱ ካረፈ ከዓመት በኋላ በአቪኞ ነው። በመመሪያው ውስጥ ፍቅር የሚለውን ቃል እያሳደደ የሚያነብ ሰው ይደክማል፤ የሚያገኘው የቁርስ ሰዓት፣ የስም መዝገብ፣ የቀለም አያያዝ ነው። ስለ ቀሪ ተማሪዎች የሚናገረው ክፍል ግን ያስደንቃል። ልጆች ከትምህርት ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች መካከል መምህሩ ስለማይስብና ልጆቹ ስለማይወዱት የሚለውን ከወላጆች ቸልታ ጋር እኩል ይቆጥራል። ጥፋቱን ወደ መምህሩ ወንበር የሚመልስ ዝርዝር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ያው መመሪያ ደግሞ ከሁለት ቁራጭ ቆዳ የተሰፋ የእጅ መምቻ ይፈቅዳል። ስንት ጊዜና በምን ሁኔታ እንደሚመታ እየገደበ ነው እንጂ አልከለከለም። ይህን ማለባበስ አይገባም።

ሌላው ለውጥ ንባብ በፈረንሳይኛ እንዲጀመር ማድረጉ ነው። ልማዱ በላቲን መጀመር ነበር። ዳዊትን በግዕዝ እየደገመ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ያጋጠመው አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። የድሃ ልጅ ደግሞ ቶሎ ወደ ሥራ ስለሚወሰድ ላቲኑን ሳይጨርስ፣ የራሱን ቋንቋም ሳያነብ ይወጣ ነበር።

ሥራው ፓሪስ ሲደርስ የከተማዋ የጽሕፈት መምህራን ገበያችንን ወሰደ ብለው ደ ላ ሳልን ከሰሱት። በማኅበሩ ውስጥም ችግር ነበር። ኅዳር 21 ቀን 1691 ደ ላ ሳል፣ ኒኮላ ቩያርና ገብርኤል ድሮሌን፣ ሦስት ብቻ ቢቀሩ፣ ለምነውና በእንጀራ ብቻ ቢኖሩም ትምህርት ቤቶቹን ላይተዉ ተሳሉ። ቩያር በኋላ ከማኅበሩ ወጣ። ድሮሌን በ1702 ወደ ሮም ተላከ። ደ ላ ሳል የጻፈለት ደብዳቤዎች አሉ፤ አብዛኛው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዘገየ መልስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ነው። ደ ላ ሳል ሚያዝያ 7 ቀን 1719፣ በስቅለት ዓርብ፣ በሩዋን አረፈ። ድሮሌን በሮም ሲያስተምር ኖሮ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰው በ1728 ነው።