ስለ ስትራኖርላር የአረጋውያን ቤት፤ አያቶች የሸሹትን ደጅ የልጅ ልጆች እንደ ጠበቁት

በኢትዮጵያ ጧሪ ልጅ ያጣ ሽማግሌ፥ ቀባሪ ዘመድ የሌላት ባልቴት፥ የመጨረሻ ዘመናቸውን የሚያሳልፉት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠግተው ነበር፤ ዛሬም በብዙ ደብር ዙሪያ እንዲሁ ነው። በዓመት በዓልና በተዝካር ቀን የሚሰጠውን ይቀበላሉ፤ በቅዳሴ ሰዓት ከቅጥሩ ሥር ይቀመጣሉ፤ በሞቱም ጊዜ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ይቀብሯቸዋል። ስለዚህ የአረጋውያንን ማደሪያ ነገር የሚያወሳ ታሪክ፥ ከሩቅ አገር ቢመጣም እንኳ፥ ለደብር በዓል መጽሐፍ እንግዳ አይሆንም። ቀጥሎ የሚነገረው በአየርላንድ አገር በአንድ የባላገር ወረዳ ስለሚገኝ ቤት ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዶኒጎል የሚባለው አውራጃ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለ፥ ተራራና ረግረግ የበዛበት፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስና ዝናም የማይለየው አገር ነው። በምሥራቃዊው ወገን የፊን ወንዝ በሸለቆ ይወርዳል። ስትራኖርላርና ባሊቦፌይ የሚባሉት ሁለት ታናናሽ ከተሞች በወንዙ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በድልድይ ተያይዘው እንደ አንድ ከተማ ይኖራሉ። በ1870 የአየርላንድን የራስ አስተዳደር ማኅበር ያቋቋመው አይዛክ በት በ1879 በሞተ ጊዜ የተቀበረው በስትራኖርላር ነው፤ ዓይነ ስውር ሆና ሳለች በድርሰቷ የታወቀችው ፍራንሲስ ብራውንም በ1816 የተወለደችው በዚችው ከተማ ነው። ይሁን እንጂ የአገሬውን ድኻ ሕይወት በይበልጥ የነካው፥ የእነዚህ የከበሩ ሰዎች ዝና ሳይሆን፥ አንድ ከድንጋይ የተሠራ የድኾች ቤት ነው።

በ1838 በለንደን የነበረው ምክር ቤት ለአየርላንድ ድኾች አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ አገሪቱ በ130 ክፍል ተከፈለች፤ በየክፍሉም አንድ ታላቅ የድኾች ቤት እንዲሠራ ታዘዘ፤ የሕንፃዎቹንም ንድፍ ጆርጅ ዊልኪንሰን የሚባል መሐንዲስ አዘጋጀ። ለዶኒጎል አውራጃ 8 ቤቶች ደረሱት፤ ከነዚህም አንዱ በስትራኖርላር ተሠርቶ በ1844 ድኾችን መቀበል ጀመረ። የሕጉ አሳብ እንዲህ ነበረ። ድኻ ሁሉ ርዳታ ማግኘት የሚችለው ወደ ቤቱ ከገባ ብቻ ነው፤ በውጭ ሆኖ አንድ ቁና እህል እንኳ አይሰጠውም። የገባውም ሰው ኑሮ፥ በውጭ ካለው ከመጨረሻው የቀን ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ሆኖ እንዲታይ ሆን ተብሎ ተደራጀ፤ ይኸውም ሌላ መንገድ ያለው ሰው ወደዚያ እንዳይመጣ ነው። በደጁ በኩል ባልና ሚስት አብረው ይገባሉ፤ ከደጁ ወዲያ ግን ወንዶች ለብቻ፥ ሴቶች ለብቻ፥ ወንዶች ልጆች ለብቻ፥ ሴቶች ልጆች ለብቻ ይለያያሉ። ከእናታቸው ጋራ የሚቀሩት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። የገዛ ልብሳቸው ይወሰድና የቤቱ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ ጉልበት ያለውም ድንጋይ ይፈልጣል። ድኽነትን በሐፍረት ለመፈወስ መሞከር ከጨካኝ ሰው ይልቅ በጠረጴዛ ላይ አስልቶ ከሚያስብ ሰው የሚመጣ ስሕተት ነው፤ የ1838ቱንም ሕግ ያወጡት ሰዎች ራሳቸውን ቸር አድርገው ይቈጥሩ ነበር።

ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ፥ በ1845፥ የአየርላንድ ድኻ ሁሉ እንጀራ የሆነውን ድንች የሚያበሰብስ በሽታ በአገሪቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ እስከ 1850ዎቹ መባቻ ድረስ በረኃብና በተስቦ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ በመርከብ ተሰደደ። የ1847 ሕግ ደግሞ ከአንድ ኤከር ሩብ በላይ መሬት የያዘ ባላገር መሬቱን ካልለቀቀ ርዳታ እንዳይሰጠው አገደ። ስለዚህ አባወራው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መሬቱን ለቆ በድኾች ቤት መኖር፥ ወይም መሬቱን ይዞ ከነልጆቹ በጎጆው መሞት። ከ1888 እስከ 1892 በኢትዮጵያ የሆነውን ክፉ ቀን ከአያቶቹ የሰማ ሰው፥ የዚያ ዘመን ፍርሃት በልጅ ልጅ ዘንድ ሳይረሳ እንዴት እንደሚቈይ አይጠፋውም። በአየርላንድም የድኾች ቤት ስም ከዚያ ወዲህ የውርደት ስም ሆነ፤ ሽማግሌዎችም «እዚያ አታስገቡኝ» ብለው ልጆቻቸውን ይማጠኑ ነበር።

ከዚያም ዘመኑ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ1862 የወጣው ሕግ የድኾችን ቤት ሐኪም ቤት ለሌሎችም ሕሙማን ከፈተ። ከጥር 1909 ጀምሮም 70 ዓመት ለሞላው ድኻ ሽማግሌ በሳምንት እስከ 5 ሺልንግ የሚደርስ ጡረታ ስለ ተሰጠው፥ ብዙ አረጋዊ በገዛ ቤቱ መክረም ቻለ፤ ይህ ገንዘብ ጥቂት ቢመስልም፥ ሽማግሌው ለልጆቹ ሸክም መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ረዳት ሆነ። በጥር 1919 በደብሊን የተሰበሰቡት እንደራሴዎች፥ የእንግሊዝን የድኾች ሕግ አስወግደው ለአረጋውያንና ለድኩማን የሚራራ የአገር ሥርዓት እንደሚተኩ በጉባኤ ቃል ገቡ። ነጻነት በተገኘ ጊዜም፥ በ1923 ሕግ፥ የድኾች ቤቶች ብዙዎቹ ተዘግተው በየአውራጃው በአብዛኛው አንድ ቤት ብቻ «የአውራጃው ቤት» ተብሎ እንዲቀር ተደረገ። በዶኒጎል ይህ ዕጣ ለስትራኖርላር ደረሰው።

ስሙ ተለወጠ፤ ግድግዳው ግን ያው ነበረ። በዚያ ቤት ውስጥ አረጋውያን፥ የአእምሮ ሕሙማን፥ አካለ ስንኩላን፥ እንዲሁም ሳያገቡ የወለዱ ሴቶች ከነልጆቻቸው ባንድነት ይኖሩ ነበር። የመጨረሻዎቹን ነገር መንግሥት ያቋቋመው የምርመራ ኮሚሲዮን በዘመናችን መርምሮ በጥር 2021 ዘገባውን አሳተመ፤ ከመረጣቸውም ከ4ቱ የአውራጃ ቤቶች አንዱ የስትራኖርላሩ ነው። ኮሚሲዮኑ በአውራጃ ቤቶች ኑሮው እጅግ የጐደለ እንደ ነበረ፥ እናቶቹም ያለ ደመወዝ ከባድ ሥራ ይሠሩ እንደ ነበረ ጽፏል። የዚህን ቤት ታሪክ በምስጋና ብቻ የሚጽፍ ሰው፥ እነዚያን ሴቶች ሁለተኛ ከደጅ እንዳስወጣቸው ይቈጠራል።

በ1951 መንግሥት የአውራጃ ቤቶችን ስለ ማደስ ባወጣው ጽሑፍ፥ ቤቶቹ ከእንግዲህ ወዲህ ለአረጋውያንና ለቈየ ሕመም ላለባቸው ብቻ እንዲሆኑ አሳቡን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የቅዱስ ዮሴፍን ስም ይዞ የአረጋውያን ሐኪም ቤት ሆነ። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ምናልባትም ሕግ ብቻውን ያመጣው አይደለም። በሽተኛውን የምታገላብጠው ነርስ የጎረቤት ልጅ ስትሆን፥ በሚቀጥለው አልጋ የተኛው ሰው አብሮ በግ ያገደ የልጅነት ባልንጀራ ሲሆን፥ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም እያለፈ የሚጠይቀው ሲሆን፥ የውርደት ቤት የነበረው ቀስ በቀስ የሰፈር ቤት ይሆናል። በዚህ ዓይነት አያት ላለመግባት የማለበትን ደጅ፥ የልጅ ልጅ እናቱን ይዞ በእፎይታ ይገባበት ጀመር።

በ2005 በደብሊን አጠገብ በነበረ አንድ የግል የአረጋውያን ቤት የሚፈጸመው በደል በቴሌቪዥን ታይቶ አገሩን ሁሉ አስቈጣ። በዚህም ምክንያት በ2007 ሕግ የጤና ጥራት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ከ2009 አጋማሽ ጀምሮም የመንግሥትም የግልም የአረጋውያን ቤቶች ሁሉ መመርመር ጀመሩ። ምርመራው መልካም ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ለአዳዲሶቹ ቤቶች የቀለለው ደንብ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግንብ ላይ ለቆሙት ከበደ። በአንድ ክፍል ከ4 ሰው በላይ እንዳይተኛ፥ ለእያንዳንዱም ሰው 7.4 ካሬ ሜትር ስፍራ እንዲሰጠው ታዘዘ፤ ለነባር ቤቶች የተሰጠውም ቀነ ገደብ በ2016 በወጣ ደንብ እስከ 2021 መጨረሻ ተራዘመ። በነዚሁ ዓመታት የግል ቤቶች በቀረጥ ማበረታቻ በዝተው፥ ከአገሪቱ የአረጋውያን አልጋዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል በነርሱ እጅ ገቡ። በከተማ አጠገብ ነጋዴ ቤት ይሠራል፤ ሰው በሳሳበት ሸለቆ ራስ ግን ትርፍ ስለማይታየው አይሠራም።

በጥር 2016 መንግሥት የአረጋውያንን ቤቶች የማደስ ታላቅ አሳብ ገለጠ፤ ወጪውም 300 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነበረ። ለዶኒጎል በተነደፈው ክፍል፥ በሌተርኬኒ ከተማ ከመቶ በላይ አልጋ ያለው አዲስ ቤት ይሠራል፤ በስትራኖርላር፥ በሊፎርድና በራሜልተን ባሉት ታናናሽ ቤቶች ግን አረጋውያን እስከ ዕድሜ ልካቸው ማደራቸው ይቀራል ተባለ። በካርታ ላይ ለሚያይ ሹም ነገሩ ቀላል ነው፤ ከስትራኖርላር እስከ ሌተርኬኒ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። ነገር ግን በፊን ሸለቆ ራስ ለምትኖር፥ መኪና መንዳት ለማትችል የ80 ዓመት ሚስት፥ መንገዱ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ባሏን በየቀኑ ሄዳ እጇን ይዛው ትቀመጥ የነበረች ሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብታየው፥ ይህ ልዩነት በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ አይገባም።

የፊን ሸለቆ ሕዝብም ዝም አላለም። ኮሚቴ አቋቋመ፤ በአዳራሽ ተሰበሰበ፤ ሰልፍ ወጣ፤ በአውራጃው ሸንጎና በደብሊን ምክር ቤት ጉዳዩ ደጋግሞ እንዲነሣ አደረገ። የሊፎርድና የራሜልተን ሰዎችም እንደዚሁ ተነሡ። በዶኒጎል ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ለብዙ ዘመን በየአጥቢያው ተለያይቶ የኖረ ቢሆንም፥ እርጅና የሃይማኖት ወገን የማይለይ ስለ ሆነ፥ ቤቱ የሁሉም ነበረ። ከዚህ ቀደም ብሎ፥ በ2011 መጨረሻ፥ በሌይሽ አውራጃ በአቢሌክስ የነበረው ቤት ሊዘጋ በታዘዘ ጊዜ ነዋሪዎቹ ሳይጠየቁ መወሰኑን ተቃውመው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ያም ቤት ሳይዘጋ ቀርቷል። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች መንግሥትን መክሰሳቸው ለብዙ መንደር ድፍረት ሆነ።

የሰልፈኞቹ ክርክር ሁሉ ግን የቀና ነበር ማለት አይቻልም። በአሮጌው ቤት ብዙ ሰው በአንድ ክፍል መተኛቱ፥ ገላን ለመታጠብ ሩቅ መሄዱ፥ በመጋረጃ ብቻ ተከልሎ መሞቱ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ተቈጣጣሪዎቹ ይህን ሲናገሩ የሕዝብ ጠላቶች አልነበሩም። ከ4 ዓመት በኋላ፥ በ2020 ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ፥ ብዙ አልጋ ያለበት ክፍል ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በአገሩ ሁሉ ታየ። የሰልፈኞቹ ጠንካራ ነገር ሌላ ነበር፤ ይኸውም «ቤቱ ጠባብ ከሆነ አስፉት፥ አሮጌ ከሆነ አድሱት፥ ሰዎቻችንን ግን ከሚያውቁት አገር አታንሡ» ማለታቸው ነው። ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለ የ2016ቱ አሳብ ራሱ መስክሯል፤ የቀረው ገንዘቡ የት ይዋል የሚለው ነበር።

በመጨረሻም የተባለው አልሆነም። ሦስቱ ቤቶች አረጋውያንን ይዘው እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ ገንዘብም ለእድሳት ተመደበ። የ2021ዱ ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ በመንግሥት ቤቶች ብዙ ክፍሎች ሰፉ፤ በዚያው ልክ በየስፍራው አልጋዎች ተቀነሱ፤ ስለዚህ ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ አሁንም አለ። የቅዱስ ዮሴፍ ቤት ግን በ1844 የድኾች ቤት በቆመበት ስፍራ ዛሬም ክፍት ነው፤ ከሸለቆው የሚመጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም ይገቡበታል።