በሕፃናት ምግብ ውስጥ የሚሸሸገው መርዝና የምርመራው ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ነገር ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ሰው ከማይታይ ጠላት ጋር ያደረገው ትግልም ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ነው። ከእነዚህ ጠላቶች አንዱ በእህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 የሚበልጡት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ስላልታወቀ «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። ሊቃውንት ቢመረምሩ ግን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ከብራዚል የመጣ፥ ሻጋታ የመረዘው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

በመጀመሪያ ጊዜ ምርመራው ይደረግ የነበረው ከመኖው ተጣርቶ የወጣውን ለዳክዬ ጫጩቶች በመስጠትና ጉበታቸውን በመመልከት ነበር። ይህም ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። ቀጥሎም መርዙ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ ታወቀ። «ቢ» እና «ጂ» የተባሉት ዓይነቶች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚሁ ቀለሞች የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። ዛሬ ግን የእህል ናሙና በትንሽ የወረቀት ቁራጭ በደቂቃዎች ውስጥ ይመረመራል።

ይህ ፍጥነት ምን ይጠቅማል ቢባል፥ ጎረቤታችንን ኬንያን መመልከት ይበቃል። በዚያ በ2004 እ.ኤ.አ. እርጥበት ያበላሸውን በቆሎ ከበሉት 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ።

ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ያንኑ ገንፎ በየቀኑ ይበላል፤ ምግቡንም መርጦ አይበላም። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሕፃናት የእህል ምግብ ውስጥ የሚፈቅደው የ«ቢ1» መጠን በኪሎ 0.1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይኸውም በ100,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለማግኘት የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የወረቀቱ ምርመራ ዋና ጥቅም የተበላሸውን እህል ከመፈጨቱ በፊት መለየት ነው። ሻጋታውም በጆንያው ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ናሙናው ከብዙ ቦታ መወሰድ አለበት።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ላም የተመረዘ መኖ ስትበላ መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ወተት ውስጥ አግኝቶታል።

እንግዲህ እህልን አድርቆ ማስቀመጥና አስቀድሞ መመርመር የእናት፥ የገበሬና የነጋዴ የጋራ ግዴታ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።