ተረትን ከታሪክ ለይቶ ስለ ማወቅ

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ያልመለሰ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። የጉጂ ጓደኞቻችን ተረትን «ዱሪዱሪ» ይሉታል። የአዶላ ወርቅ ከየአገሩ ሕዝብ ባሰባሰበባት በክብረ መንግሥት ስለምንማር፥ በአንድ ወንበር የተቀመጥን ልጆች ያደግንባቸውን ተረቶች ብናነጻጽር ብዙዎቹን የሚመሳሰሉ ሆነው እናገኛቸዋለን። ተረት በምን ይታወቃል? ከታሪክስ በምን ይለያል?

የመጀመሪያው ምልክት ጊዜውና ስፍራው አለመታወቁ ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ንጉሥ ነበረ» ይባላል እንጂ ስሙም ዘመኑም አይነገርም። ሁለተኛው፥ አራዊት እንደ ሰው መናገራቸውና ጠባያቸው አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ ጅብ ሆዳም፥ ጦጣ ብልጥ፥ አህያ የዋህ ናቸው። ሦስተኛው፥ ብዙ ጊዜ የተናቀው ሰው ፈተናውን ማለፉ ነው። አራተኛው፥ በመጨረሻ እያንዳንዱ የሥራውን ማግኘቱ ነው።

ለምሳሌ አንድ ባለጠጋ አሽከሩን «በተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ብታድር መሬትና ከብት እሰጥሃለሁ» አለው። አሽከሩም ማዶ የነደደውን የወዳጁን እሳት እያየ ነጋለት። ጌታው ግን «እሳት ስላየህ ሞቆሃል» ብሎ ከለከለው። ከዚህ በኋላ አንድ ብልህ ሰው ባለጠጋውን ከእንግዶች ጋር ለግብር ጠርቶ የወጡን ሽታ ብቻ አሸተታቸው፤ «ሽታው ካላጠገበ የሩቅ እሳትስ እንዴት ያሞቃል?» ብሎ ረታው። ይህ ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ይገኛል። ቱርኮችም ስለ ነስረዲን ሆጃ የሚመስለውን ይተርካሉ፤ በዚያ ማሰሮው የተጣደው ከሻማ ርቆ ነው። ተረት ድንበር የሚሻገረው ስምና ስፍራ ስለማያስረው ነው።

ታሪክ ግን ሌላ ነው። ቦረናዎች የአባቶችን ታሪክ «አርጋ ደጌቲ» ማለት የታየና የተሰማ ይሉታል፤ ዘመኑንም በየ8 ዓመቱ በሚለዋወጠው ገዳ ይቆጥራሉ። ጉጂዎችም የገዳውን ሥልጣን በሜኤ ቦኮ ይረካከባሉ። ሰውየው፥ ገዳውና ስፍራው ስለሚታወቁ የተሳሳተውን ሌላ ዐዋቂ ያርመዋል። ተረትን ግን ማንም አያርመውም። ይህ ማለት ተረት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ታሪክ የሆነውን ሲነግረን፥ ተረት ሕዝቡ ፍትሕ ብሎ የተመኘውን ይነግረናል።

ሁለቱም ካልተጻፉ ግን ከተናጋሪው ጋር ይቀበራሉ። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ተረቶችና ምሳሌዎች ከትዝታዋ ጻፈች፤ ብዙዎቹም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በምኩሉ በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። እርስዋ ከአገሯ ርቃ ይህን ካደረገች፥ እኛ አያቶቻችን አጠገባችን ሳሉ ምን እንመልሳለን? እንግዲህ በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ተረት ሰምተን፥ የነገረንን ሰው ስምና መንደሩን ጨምረን ጽፈን እንመለስ።