ባቡሩ ቢቆም ወለዱ አይቆም

እህ በሉኝማ! ይህን የባቡር ነገር ከሩቅ አላመጣሁትም፤ የደጃችን፣ የቆቦ ነው።

ነገሩ የተቋጠረው በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ያፒ መርከዚ ከተባለ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። ከአዋሽ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ወልድያ አጠገብ ሀራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሀዲድ። ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ከሀራ ገበያ ወዲህ የራያን ሜዳ ሰንጥቆ መቀሌ የሚገባውን ደግሞ የቻይና ኩባንያ ያዘው። ለቱርኩ ሥራ ገንዘቡ በክሬዲት ስዊስ ባንክ አስተባባሪነትና ከቱርክ ኤክሲም ባንክ በብድር መጣ።

ራያ ሜዳ ላይ ያለችው ቆቦ ደስ ቢላት አይፈረድባትም። የጎሊና መስኖ ያበቀለው ቀይ ሽንኩርት አይሱዙ ላይ ሲቆለል አይታችኋል? ጫኙ ገመዱን ጥርቅም አድርጎ ያስራል፣ ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ነጋዴው ደግሞ ፀሐዩን ቀና ብሎ እያየ ይቁነጠነጣል። ሽንኩርት ቀጠሮ አያከብርማ! አዲስ አበባ እስኪደርስ የታችኛው ማዳበሪያ ይረጥባል፤ የረጠበውን ደግሞ ማንም አይገዛም። እንዲህ ላለ አገር ባቡር መመኘት ቅንጦት አይደለም።

ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ ሀዲዱ ተነጠፈ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ግድም አለቀ ተባለ። እሰየው! ግን ባቡሩ የሚሄደው በምንድን ነው? በኤሌክትሪክ። ኤሌክትሪኩስ? አልደረሰም! ሀዲዱን የሚያስነጥፈው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ መብራቱን የሚያቀርበው ሌላ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና ነበር። ሀዲዱም ለዓመታት ፀሐይ ሲሞቅ ከረመ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከኮምቦልቻ ወዲህ ያለው ደግሞ በገንዘብ እጦት ተጓተተ። በሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ ወደ ደቡብም ገፋ፤ የፕሮጀክቱም ንብረት ተዘረፈ፣ ተሰባበረ።

ጦርነቱን ማንም ውል ላይ አይጽፈውም፤ እሺ። መብራቱ ግን ከጦርነቱ በፊት የታወቀ ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልውሰዳችሁ። ውሉ ሲፈረም አንድ ዶላር 18 ብር ገደማ ነበር፤ 1.7 ቢሊዮኑ 30 ቢሊዮን ብር ግድም ማለት ነው። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ከ170 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። አንዲት ብሎን ሳይጨመርበት!

ደግሞ ጉድ ስሙ። ክሬዲት ስዊስ ራሱ በመጋቢት 2015 ተንገዳግዶ ዩቢኤስ በተባለ ሌላ ባንክ ተጠቀለለ። አበዳሪ ሲወድቅ ተበዳሪ የሚገላገል እንዳይመስላችሁ፤ ባንክ ይወርሳል እንጂ አይምርም።

«የመንግሥት ዕዳ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አለ። ወንድሜ፣ መንግሥት የራሱ ማሳ የለውም፤ የሚከፍለው ካንተ ነው። ሱቅ ገብተህ በደረሰኝ ስትገዛ ብዙውን ጊዜ በዋጋው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለህ። የመሬት መጠቀሚያውን በየዓመቱ ቀበሌ ሄደህ ትከፍላለህ። ነጋዴውም የትርፍ ግብሩን ይከፍላል፤ ከዚያ ዞሮ ሽንኩርቱን በአይሱዙ ይጭናል። ለባቡሩ ከፍሎ፣ ለመኪናው ደግሞ ከፍሎ!

ባቡር መፈለግ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሀዲድና መብራት አብረው አለመድረሳቸው፣ ለዚህም «እኔ ነኝ» የሚል ኃላፊ አለመገኘቱ ነው። እኛም አለንበት፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እልል ብለን እንበተናለን። ቀጣዩ ድንጋይ ሲጣል ግን እልልታው ይቆየንና ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ በምን ይንቀሳቀሳል? ካልተንቀሳቀሰስ ማን ይጠየቃል? መልስ ከሌለ ድንጋዩም ይቆይ።